አስተርጓሚ ያደረገኝ ብጉንጅ

ከበሽታ ሁሉ ክብር የሌለው ብጉንጅ ነው። ወባ የያዘው ሰው ጋቢ ይደረብለታል፤ ራሱን ያመመው ሰው ቤቱ ጸጥ ይደረግለታል። ብጉንጅ የወጣበት ሰው ግን መጀመሪያ "የት ላይ?" ተብሎ ይጠየቃል፤ ከዚያ ይሳቅበታል። የእኔ ደግሞ የወጣው ቢናገሩት ነውር፣ ቢደብቁት ችግር የሆነ ቦታ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ልብስ ሰፊ ሁለት ነገር ከሌለው እንጀራ የለውም፤ አንዱ ዓይን ነው፣ ሌላው መቀመጫ። ዓይኔ ደህና ነበረ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ዳር፣ ከሌሎቹ ሰፊዎች ጋር የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ እሰፋ ነበር። የእግር መኪና ለማያውቀው ሰው እግር ብቻ የሚሠራበት ይመስለዋል። የእያንዳንዷ ርግጫ ዋጋ የሚከፈለው ወደ ላይ መሆኑን ያወቅሁት ያን ሰሞን ነው። በአንድ ጎኔ ተቀምጬ ሞከርኩ፤ ስፌቱም እንደ እኔ ወደ አንድ ጎን ሄደ። ቆሜ ሞከርኩ፤ የአንድ ሐጂን ጀለቢያ እጅጌ ከኪሱ ጋር ሰፋሁት። ሐጂ ለብሰው እጃቸውን ሊያወጡ ታገሉና፣ "ልጄ፣ ጤናህን ተመልከት፤ ወላሂ የእጅህ አይደለም ይሄ" አሉኝ።

የሰፈራችን ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። በቀኝ ያለው ጎረቤቴ "ተልባ አገንፍተህ ለጥፍበት" አለኝ። በግራ ያለው "ሽንኩርት ጠብሰህ" አለ። ባለቤቴ ዘነበች ጎረቤት ማስቀየም ስለማትወድ ሁለቱንም አንድ ላይ ለጠፈችልኝ። ብጉንጁ ሲበላ ሰነበተና እንደ ፋሲካ ሙክት ወፈረ። በመጨረሻ ዘነበች ከአጠገቤ ቆማ፣ "እንግዲህ የቀረህ ክሊኒክ ነው" አለች። ክሊኒክ ስትል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ልክ የሟች ስም እንደሚያነሳ ሰው።

ምክንያት አላት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ከሸዋ በር ውጭ ያለው ክሊኒክ ድሬሰር ስሙ ተፈራ ነበር። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ የሚያሽግ፣ መርፌ የሚወጋ ነው፤ ዋናው ሐኪም ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ስለነበረ ግን ለእኛ ሐኪሙም ዳኛውም ተፈራ ነበር። ከሸዋ የመጣ ጎልማሳ ነው። እጁን ማንም አያማውም፤ ከጥጥ የለሰለሰ ነው። ችግሩ ምላሱ ላይ ነው። በእጁ የዳነ ሰው በምላሱ ቆስሎ ይወጣል። "ለምን እስከ ዛሬ ቆየህ?" ብሎ ይጮኻል። ቶሎ የመጣውን ደግሞ "ይህችን ይዘህ ነው የመጣኸው?" ብሎ ይጮኽበታል። ከዚህ የተነሳ ብዙ ሰው በሽታውን ይዞ እቤቱ ተቀምጦ ነበር። በሽታ ቢያንስ አይሳደብም።

በማግሥቱ ጧት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ባለው የድንጋይ መደብ ሕመምተኛው ተደርድሮ ተቀምጧል። እኔ ብቻ ቆሜያለሁ። አንዲት እናት አዝነውልኝ ጠጋ ብለው ቦታ ሲሰጡኝ፣ "እናቴ ይቀመጡ፣ ቆሜ ይሻለኛል" አልኩ። ምን ዓይነት ጨዋ ነው ብለው ከጎናቸው ላለው ሰው አመሰገኑኝ። አያውቁ።

ከሁሉ ቀድመው የገቡት አባ ኡመሬ የሚባሉ የድሬ ጠያራ ገበሬ ነበሩ። ጢማቸውን ሂና የቀቡ፣ ረጅም፣ ምርኩዛቸውን እንደ ጦር የሚይዙ ሽማግሌ ናቸው። እንጨት ሲፈልጡ መጥረቢያው አምልጧቸው ቅልጥማቸውን መቷቸዋል፤ ቁስሉ ላይ አመድ ነስንሰው ቅጠል አስረውበታል። በሩ ክፍት ስለነበረ ሁላችንም እናያለን።

ተፈራ ቅጠሉን ገለጥ አደረገና፣ "ምን ሆነህ ነው አንተ ሽማግሌ?" አለ።

በእኛ አገር ሂና የቀባ ሽማግሌ አንተ አይባልም፤ ጢም የሌለውም ቢሆን አይባልም። አባ ኡመሬ ወደ ግድግዳው እያዩ በኦሮምኛ፣ "ይህን ልጅ አሳዳጊ በድሎታል" አሉ።

"ምን ይላል?" ብሎ ተፈራ ወደ በረንዳው ወጣ። "ኦሮምኛ የሚሰማ የለም?" ሲያስተረጉምለት የነበረው ዘበኛ ወደ ጂጂጋ ተዛውሯል። የተቀመጡት ሁሉ መሬት መሬት አዩ። እኔ ቆሜያለሁ። የቆመ ሰው ደግሞ ለሥራ የተዘጋጀ ይመስላል። ተወልጄ ያደግሁት ሐረር ስለሆነ ኦሮምኛውን ከገበያ፣ አደርኛውን ከጀጎል ጎረቤት ለቅሜያለሁ፤ ይህን አንገቴን በመነቅነቅ ገለጽኩና ገባሁ።

አሁን እናንተ ፍረዱ። ይህ ሰውዬ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ምላጭ ይዞ ከኋላዬ የሚቆም ሰው ነው። "አሳዳጊ በድሎታል" ብዬ ብተረጉምለት ንዴቱ የሚወጣው በማን ላይ ነው? ስለዚህ፣ "ልጄ፣ ያሳደጉህ ወላጆች ይባረኩ ይላሉ" አልኩት።

ተፈራ ትንሽ ደነገጠ። "እንዲያ አለ? እሺ፣ ንገረው፤ እንዲህ ያለ ቆሻሻ እግር ይዞ ሐኪም ፊት አይቀረብም በለው።"

ወደ አባ ኡመሬ ዞርኩና በኦሮምኛ፣ "እግርዎን እንደ አባቴ እግር ነው የማየው፤ አስቀድሜ ልጠበው ይላል" አልኳቸው።

አባ ኡመሬ እኔን ረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ። ከዚያ እግራቸውን ዘረጉ። ተፈራ አጠበው፣ አሸገው። እውነቱን ለመናገር እንደ አባቱ እግር ነው ያጠበው፤ አፉ ብቻ ነበር የጎረቤት እግር የሚያጥብ የሚመስለው።

የእኔ ተራ ደረሰና ተጋደምኩ። ተፈራ አየት አድርጎ "አልበሰለም" አለ። "በሙቅ ውሃ እየዘፈዘፍክ ነገ ና።" ልብሴን እየሰበሰብኩ ስወጣ ግን ጠራኝ። "ወዴት? በረንዳው ሙሉ ሰው አይደለም እንዴ? ና አስተርጉም።"

እንዲህ ሆኖ ነገም "አልበሰለም"፣ ከነገ ወዲያም "አልበሰለም" ሆነ። ብጉንጄ አልበሰለም እያለ እኔን አበሰለኝ። ስፌቴ ቆመ። ደንበኞቼ ልካቸውን ክሊኒኩ በረንዳ ላይ እየመጡ ያስለኩኝ ጀመር። ዘነበች "ደመወዝ አለው?" ብላ ጠየቀችኝ፤ "ምርቃት አለው" አልኳት። ምርቃት እንደማይቀቀል ነገረችኝ።

ሥራው ግን እየተዋጣልኝ ሄደ። ደፋርም ሆንኩ። አንድ የጀጎል ነጋዴ የሆዳቸውን ሕመም ከአጎታቸው ሠርግ ጀምረው፣ ማን ምን እንዳበሰለ፣ ማን እንዳልተጠራ ሁሉ በአደርኛ ሲተርኩ ቆዩ። እኔም "ሆዳቸውን ነው" አልኩ። ተፈራ "ይህን ሁሉ አውርቶ ሆዱን ብቻ?" ሲለኝ፣ "አደርኛ ሰፋ ያለ ቋንቋ ነው" አልኩት። "ሆዳም ስለሆነ ነው በለው" አለ። እኔ ለነጋዴው "ጨጓራዎ እንደ እርስዎ ለሰው አዛኝ ነው፤ ሁሉን ይቀበላል፤ ትንሽ እንዲጨክን ያድርጉት ይላል" አልኳቸው። ነጋዴው "ማሻ አላህ፣ እንዴት ያለ የተማረ ሰው ነው" ብለው ወጡ።

ከዚያ ስጦታው መጣ። ስኳር ድንች፣ እንቁላል፣ አንድ ጊዜማ አንዲት እናት በገዛ እጃቸው የሰፏትን ትንሽ ሙዳይ አመጡ። ተፈራ ግራ ገባው። ሲቆጣቸው የሚመርቁት ሰዎች አይቶ አያውቅም። ሳላስበው እሱም ለስለስ ማለት ጀመረ፤ ጢሙን ተላጨ፣ ገዋኑን አሳጠበ፣ አንዳንድ ጧት "እንደምን አደራችሁ" ሲል ሰማሁት። እኔ በልቤ እግዚአብሔር ለዚህ ሥራ በብጉንጅ ጠራኝ ማለት ጀምሬ ነበር። ሰው ሲጠግብ እንዲህ ነው።

ነገሩ የተበላሸው በአባ ኡመሬ ላይ ነው። ፋሻ ለማስቀየር ሲመላለሱ ሰንብተው አንድ ቀን ሲመጡ፣ ተፈራ ፋሻውን ቢፈታው ከሥር አመድ አገኘ። ቤታቸው ሄደው ፈትተው፣ አመዳቸውን ነስንሰው፣ መልሰው አስረውታል። ቁስሉ ዙሪያው ቀልቷል። ተፈራ እንደዚያ ቀን ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

"ንገረው" አለኝ። "ይህን አመድ ሁለተኛ ካየሁ እግሩ በመጋዝ ነው የሚቆረጠው። በየቀኑ መርፌ መወጋት አለበት። ነገ ሳይመጣ ቢቀር ሬሳውን ይዘው እንዳይመጡብኝ። አንድም ቃል ሳታስቀር ንገረው።"

እኔ ደግሞ በጥበቤ ተማምኜ፣ "አመዱ ለማሳው ይሻላል፤ ነገ ከተመቸዎት ብቅ ቢሉ ደስ ይለኛል ይላል" አልኳቸው።

አባ ኡመሬ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ተፈራን አዩ። ምርኩዛቸውን አንስተው፣ "የሚመቸኝ መሆኑን አላህ ያውቃል" ብለው ወጡ።

በማግሥቱ አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም። የገበያ ቀን ደርሶ የድሬ ጠያራ ሰው ሁሉ ጫቱንና ማሽላውን ጭኖ ሲገባ እሳቸው የሉም። አንድ የአገራቸው ሰው ብንጠይቅ "ተኝተዋል፤ እግራቸው አብጧል" አለን።

ተፈራ እጁን እየታጠበ ቆየ። ሳያየኝ፣ "እንዳልኩህ ነግረኸው ነበር አይደል?" አለ።

"ነግሬያቸው ነበር።"

"ቃል በቃል?"

"ዋና ዋናውን" አልኩ። ለካ ያን ቀን ከቀባሁት ማር ሥር የጠፋው ስድቡ ብቻ አልነበረም፤ መርፌውም አብሮ ጠፍቷል። ሰውዬው እግራቸውን ቢያጡ፣ ብሎም ቢሞቱ፣ ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ። ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

"እንሄዳለን" አለ ተፈራ። "አንተም ትመጣለህ። በቅሎ አለ።"

በቅሎ የሚለውን ቃል ስሰማ ያደረብኝን ስሜት ብጉንጅ ያልወጣበት ሰው አይረዳውም። በእግሬ ልሂድ አልኩ፤ "እንቸኩላለን" አለኝ። ድሬ ጠያራ ሩቅ አይደለም፤ ግን መንገዱ ቁልቁለት አለው፣ ዳገት አለው፣ ድንጋይ አለው፤ በቅሎዋም አንዱንም አታልፍም። በእርካቡ ላይ ቆሜ ሄድኩ። ከማሽላው ውስጥ ወፍ የሚጠብቁ ሴቶች ቆሞ የሚጋልብ ሰው ሲያዩ ባለሥልጣን መስዬያቸው እጅ ነሱኝ። ጥርሴን ነክሼ እጅ ነሳሁ።

ተፈራ ደግሞ በዚህ መሀል ማውራት አማረው። "እኔ ስቆጣ ጠልቻቸው አይደለም" አለ። "ያስተማረን ሰው እየጮኸ ነበር ያስተማረን። ያልተጮኸበት ሰው የሚድን አይመስለኝም።" ቀጥሎም፣ "የዚህ አገር ሰው ግን ይገርመኛል። የፈለግሁትን ብናገር መልሱ ምርቃት ነው። እንደዚህ ያለ ትዕግሥት የት ተማሩት?" አለኝ።

"እንጃ" አልኩ። በቅሎዋ ዘለለች። የተቀጣሁ መሰለኝ።

አባ ኡመሬ ከደጃፋቸው ካለው ዋርካ ሥር ምንጣፍ ላይ ተጋድመው አገኘናቸው። እግራቸው እንደ ግንድ አብጧል፤ ዓይናቸው በትኩሳት ቀልቷል። ቀና ሳይሉ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ "ደህና መጣችሁ። በቅሎዎቹን ወደ ጥላው አስጠጓቸው" አሉ።

ተፈራ ቦርሳውን እንደያዘ ቀረ። "አማርኛ ይችላል?"

"ከጎረምሳነቴ ጀምሮ ሸዋ በር ጫት ስሸጥ፣ የምሸጠው በምን ቋንቋ ይመስልሃል?" አሉት።

እኔ በዚያች ደቂቃ ብጉንጄን ረሳሁት። የመጀመሪያው ቀን "ቆሻሻ እግር" ትዝ አለኝ፤ ከዚያ "በመጋዝ"፤ ከዚያ "ሬሳ"። ሁሉንም በቀጥታ ሰምተውታል። የእኔን ማርም ከላይ ሲፈስ አይተዋል።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?" አልኳቸው በቀጭን ድምፅ።

"የሰደበኝን ሰው በገዛ ቋንቋው ብመልስለት ጠብ ነው። በራሴ ቋንቋ ሳጉረመርም ዱዓ ይመስላል" አሉ። ከዚያ ወደ ተፈራ ዞሩ። "ይህ ልብስ ሰፊ፣ እግርዎን እንደ አባቴ እግር ነው የማየው ይላል ብሎ ነገረኝ። አንተ እንዳላልከው አውቃለሁ። ግን ነገሩ ጥሩ ነበር። ራስህ እስክትለው ልጠብቅ ብዬ ተመላለስኩ። የመጨረሻው ቀን ግን ሬሳዬን አነሳህ። ሬሳዬን ለሚያስብ ሰው እግሬን ለምን ይዤለት ልሂድ?"

ተፈራ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። "እንደ አባቴ እግር?"

"በግምት" አልኩ።

"እሱስ የተናገረው? ያሳደጉህ ይባረኩ ያለኝ?"

አባ ኡመሬ በትኩሳታቸው መሀል ፈገግ አሉ። "አሁን በል ተርጉም" አሉኝ። "እውነቱን። እኔ እሰማለሁ፤ አንዲት ቃል ብታሳምር አውቅብሃለሁ።"

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ከሁለቱ መሀል ቆሜ፣ መቀመጥ እንኳ ሳልችል፣ የሽማግሌውን ስድብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ አንድ በአንድ ለባለቤቱ አስረከብኩ። አሳዳጊ የበደለው። አፉ እንደ ተቀደደ ስልቻ። ገዋን የለበሰ ቁራ። የተረሳኝን አባ ኡመሬ ያስታውሱኝ ነበር። ተፈራ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። "ቁራ" ላይ ስደርስ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ አለቀሰ ብዬ ደነገጥኩ፤ ቀና ሲል እየሳቀ ነበር። ሳቁ ግን ወዲያው ቆመ፤ ያበጠውን እግር አየና ቆመ።

ከምንጣፉ አጠገብ ተንበረከከ። "አባ ኡመሬ" አለ፣ "እግርዎን ልየው?"

"ይኸው" አሉ ሽማግሌው እግራቸውን እየዘረጉ፣ "አሁን የልብስ ሰፊውን አማርኛ ተናገርክ።"

ተፈራ ቁስሉን ከፍቶ፣ መግሉን አፍስሶ፣ አጥቦ መርፌውን እስኪወጋ አባ ኡመሬ ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉት። አመዱን በተመለከተ ግን አልተበገሩም። "የአባቴ መድኃኒት ነው፤ ሙሉ በሙሉ አልተውም" አሉ።

"እሺ፣ በሌላኛው እግርዎ ላይ ያድርጉት" አለ ተፈራ።

"ሌላኛው ጤነኛ ነው።"

"ለዚያ ነው።"

አባ ኡመሬ ጥቂት አሰቡና ተስማሙ። ልጃቸው በየቀኑ በበቅሎ ክሊኒክ ሊያደርሳቸው ቃል ገባ። እኔም ነገሩ በሰላም አለቀ ብዬ ስተነፍስ፣ ተፈራ ወደ እኔ ዞሮ "በስሏል" አለኝ።

"ሳታየው?"

"በቅሎዋ ላይ ስትሄድ አይቼሃለሁ። ተጋደም።"

በሰው አገር፣ በሰው ምንጣፍ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ከዋርካው ባሻገር ፊቱን አዙሮ ቆሞ እያለ ተጋደምኩ። አባ ኡመሬ ራሳቸው ታመው ሳለ እጄን ያዙልኝ። ምላጩ ሲያርፍብኝ የተፈራን ዘር ማንዘር በአደርኛ አነሳሁ። አደርኛ መረጥኩ፤ እሱ አይሰማም ብዬ ነው።

"ምን ይላል?" አለ ተፈራ ሥራውን ሳያቋርጥ።

"እጅህ ይባረክ ይላል" አሉ አባ ኡመሬ።

የአባ ኡመሬ እብጠት ቀስ በቀስ ጎደለ። ቆየት ብሎም እግራቸው ዳነ፤ ትንሽ እንደማንከስ ይሉ ነበር፣ እሱም ዳገት ላይ ብቻ ነው፤ ያውም የሚያያቸው ሰው ሲኖር። እኔ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ፤ ሐጂንም እጃቸውን ከኪሳቸው ነጻ አወጣሁላቸው። ተፈራ ሌላ አስተርጓሚ አልፈለገም። "ያንተን ዓይነት ቋንቋ ራሴ እማራለሁ" ብሎ ኦሮምኛውን ከአባ ኡመሬ፣ አደርኛውን ከሕመምተኛው መልቀም ጀመረ። መማሩ ደግሞ ሌላ መከራ ነበር። ገና በጧቱ በረንዳው ላይ ወጥቶ "አከም ኦልተን?" ይላል፤ እንዴት ዋላችሁ ማለቱ ነው። "ገና አልዋልንም፤ ቶሎ ካየኸን እቤታችን እንውላለን" ይሉታል። መቆጣቱንም አልተወም። አሁን ግን በእነሱ ቋንቋ እየተሳሳተ ስለሚቆጣ እነሱም ያርሙታል፤ እየታረመ ሲቆጣ ደግሞ ቁጣው መንገድ ላይ ይቀርበታል። ምንም ሳያማቸው ተግሣጹን ለመስማት የሚመጡም ነበሩ።

አንድ ቀን የዘነበች ክንድ ተቃጥሎ ፋሻ ልናስቀይር ሄደን ተራ ስንጠብቅ፣ አንዲት የጀጎል እናት ለመርፌ ገብተዋል። መርፌ ይፈራሉ፤ ገና ሳይነኩ "ያ ራቢ" ይላሉ። ተፈራ በለቀመው አደርኛ ሊያባብላቸው፣ "አይፍሩ እናቴ፣ እኔ ሀኪም አይደለሁም እንዴ?" አላቸው።

እናትየው እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ ቀና ብለው አዩት። "አይደለህም" አሉት። "ስሙን እንኳ አታውቀውም። ሀኪም አይባልም። ከጉሮሮ ነው። ሐኪም።"

"ሀኪም" አለ ተፈራ።

"ኧረ ከጉሮሮህ፤ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው። ሐ።"

"ሀ።"

"ሐ።"

ተፈራ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ "ሐ... ሐኪም" አለ፤ ጥጡንም ክንዳቸው ላይ ጫን አደረገ። መርፌው ገብቶ ወጥቷል። እናትየው አላወቁም። እጅጌያቸውን እያወረዱ በትምህርቱ ረክተው፣ "አዎ፣ አሁን ሐኪም ሆንክ" አሉት።